ልጆቻችን ከደብተራቸው ሌላ ምን ይዘው ይወጣሉ?

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በሚገለጽበት ሰሞን በየመሥሪያ ቤቱና ቡና በተፈላበት ሁሉ የሚነሣው ጨዋታ አንድ ነው። «ያንቺ ልጅ ስንት አመጣ?» ይባላል። ልጇ ያመጣላት እናት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትናገራለች፤ ያላመጣላት ወሬውን ወደ ሽንኩርት ዋጋ ታዞረዋለች። ልጁ ግን ወሬ የሚያዞርበት የለውም። ደብተሩን ጥሎ፣ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ይተኛል።

እስኪ ቁጥሩን ረጋ ብለን እንመልከተው። በ2014 ዓ.ም. ትምህርታቸውን ጨርሰው ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ነበሩ። ከ2015 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.2 በመቶ፣ ከ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ ከ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ አልፈዋል። ነገሩ በመሻሻል ላይ መሆኑ ደስ ይላል። ይሁንና ከመቶ ልጆች መካከል ከዘጠና የሚበልጡት ወላጅ የጠበቀውን ሳያገኙ ቀርተዋል ማለት ነው። የሬሜዲያል ትምህርት ለተወሰኑት ሁለተኛ በር ከፍቶላቸዋል። ለቀሩትስ? አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በማለዳ ቀስቅሰን፣ ምሳ ቋጥረን፣ ደንብ ልብስ አጥበን የላክናቸው ልጆች ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ ሲወጡ በእጃቸው ምን ይዘዋል? ዛሬ ከእናንተ ጋር ልወያይበት የፈለግኩት ጉዳይ ይህ ነው።

ይህን ስል ትምህርትን ማናናቄ አይደለም። ፈተናውን ያለፈውም ልጅ ቢሆን ከጥቂት ዓመት በኋላ ዲግሪውን ይዞ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር መቆሙ አይቀርም። ስለዚህ ጥያቄው ለወደቀውም ላለፈውም ልጅ እኩል ነው። የሚቀጥረው ሰው ባያገኝ በገዛ እጁ ሥራ ሊያቆም፣ ወጪና ገቢውን ሊያውቅ፣ ከኪሳራ በኋላ ሊነሣ ይችላል ወይ?

መጻሕፍቱ ነገሩን አልዘነጉትም። በ2015 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሥራ ላይ በዋለው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ኢኮኖሚክስ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል፤ ስለ ሥራ ፈጠራም ትምህርት አለበት። በአገር ደረጃም በ2005 ዓ.ም. የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ማዕከል ተቋቁሞ፣ ኋላም ኢንስቲትዩት ተብሎ፣ ሥራ ለሚጀምሩ ሰዎች ሥልጠና ሲሰጥ ቆይቷል። ሁሉም መልካም ነው። ነገር ግን ልጆቻችን የሥራ ፈጠራን ትርጉም ለፈተና ሸምድደው፣ ከፈተናው በኋላ የሚረሱት ከሆነ ጥቅሙ ምንድን ነው? ዋና በጥቁር ሰሌዳ አይለመድም። ንግድም እንደዚሁ ነው።

ለዚህ ነገር ምሳሌ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ወዳልነበረበት ዘመን፣ ወደ ደቡብ ጎንደር፣ ወደ ጋይንት ምድር እንሂድ። በዚያ ቤተ ልሔም የምትባል ቤተ ክርስቲያን አለች። የታሪክ ጸሐፊው ቶማስ ፓከንሃም እ.ኤ.አ. በ1955 እዚያ ደርሶ፣ በክቡ የሣር ክዳን ሥር የተሸሸገውን ጥንታዊ ባለ አራት ማዕዘን ሕንፃ አይቶ ለውጭው ዓለም አስታወቀ። ለእኛ አገር ሊቃውንት ግን ቤተ ልሔም የምትታወቀው በትምህርቷ ነው። የድጓ ምስክር የሚገኘው ከእርሷ ነው፤ የዜማ መምህር ለመሆን የሚፈልግ ተማሪ ከየአውራጃው እየተጓዘ እዚያ ደርሶ፣ ዜማውን አስመዝኖ፣ ተመስክሮለት ይመለሳል። በአገሪቱ ከሚታወቁት የዜማ ስልቶች አንዱም በስሟ «የቤተ ልሔም ዜማ» ይባላል።

የዚህ ተማሪ ኑሮ እንዴት ያለ እንደነበር አብዛኞቻችን ከአባቶቻችን ሰምተናል። ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንጠልጥሎ፣ በየደጁ ቁራሽ ለምኖ፣ ከውሻ ጋር ተጋፍቶ ነው የሚማረው። ይህንን ኑሮ ለልጆቻችን የምንመኘው አይደለም። ብርዱና በሽታው ብዙ ልጆችን ጎድቷል። ሴት ልጅም ብትሆን በዚያ የዜማ ጉባኤ ቦታ አልነበራትም። እኔ ላተኩርበት የፈለግኩት ግን ከልመናው ሌላ ያለውን ነገር ነው። ይኸውም ተማሪው የሚማርበትን መጽሐፍ በገዛ እጁ የመጻፍ ልማድ ነው።

እናቶች ሆይ፣ ይህ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ድጓ ትልቅ መጽሐፍ ስለሆነ ብዙ ብራና ይፈልጋል። በመጀመሪያ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ መገኘት አለበት። ቆዳው ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ በእንጨት ላይ ተወጥሮ ይታሰራል፤ ሥጋውና ጠጉሩ እስኪጠራ ይፋቃል፤ በድንጋይ ይለሰልሳል፤ ከደረቀም በኋላ በልኩ ተቆርጦ በወስፌ ይሰመራል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከተቆላ እህል ይዘጋጃል፤ ብዙ ቀንም ይብላላል። ብርዑ ከመቃ ይቀረጻል። ከዚያ በኋላ ነው ፊደሉ፣ ከፊደሉም በላይ የዜማው ምልክት፣ አንድ በአንድ የሚሰፍረው። በመጨረሻም ይጠረዛል፤ ገበታ ይገባለታል፤ ማኅደርም ይሰፋለታል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ተማሪው የሚማረውን እናስተውል። ቆዳ ከየትና በምን ያህል እንደሚገኝ ይማራል። ሥራውን ከቸኮለ ብራናው እንደሚቀደድ ይማራል። የተቀደደውንም አይጥለውም። በጥንታዊ የብራና መጻሕፍት ላይ በክር የተሰፋ ቀዳዳ እናያለን፤ ጸሐፊው ቀዳዳውን ዞሮ ጽሑፉን ቀጥሏል። ከኪሳራ ጋር እንዴት እንደሚኖር ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለም። እጁ ሲለመድ ደግሞ ቁም ጸሐፊ ይሆንና ለሌላ ሰው፣ ለሌላ ደብር ይጽፋል፤ የድካሙንም ዋጋ ይነጋገራል። ጥራቱ ከጎደለ ሁለተኛ የሚያዘው እንደሌለ ያውቃል። ማንም የሥራ ፈጠራን ትርጉም አላስጻፈውም። ነገር ግን አንድን ሥራ ከቆዳው እስከ ማኅደሩ፣ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ይዞ፣ ለውጤቱም ራሱ ተጠያቂ ሆኖ ያውቃል። ለልጆቻችን የጎደለው ይኸው ይመስለኛል። ሙሉ ሥራ በእጃቸው ገብቶ አያውቅም።

ለምን አልገባም? ምክንያቱ የገንዘብ እጦት ብቻ አይደለም፤ ከዚያ የጠለቀ ነው። በአገራችን በእጁ የሚሠራ ሰው ሲሰደብ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነገሩ ስላስቸገራቸው ነው። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ የሚነግደው፣ ሌላው ቀርቶ የሚጽፈው ሰው እንኳ የሚሰደብበት ስም ነበረው። ብራና የሚፍቀው እጅ ድጓውን የሚጽፈው እጅ ሆኖ ሳለ፣ ጽሑፉ ሲከበር ፍቂያው ይናቅ ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ በአደባባይ ቀርቷል። በየቤታችን ግን ሌላ ልብስ ለብሶ ይኖራል። «አጥና! አለበለዚያ ሊስትሮ ትሆናለህ»፣ «ካልተማርሽ እንደ እኔ ጉሊት ትቀመጫለሽ» ስንል ልጁ የሚሰማው ምንድን ነው? ሥራ የሰነፎች ቅጣት ነው ማለትን ይሰማል።

በእኛ ሰፈር እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች የምታስረክብ አንዲት ብርቱ እናት አለች። ልጇ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። እንጀራውን የሚያደርሰው እሱ ነው፤ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ እንዳያዩት ግን ሁልጊዜ በጓሮ በኩል ይወጣል። አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቼው፣ «ጤፍ ሲወደድ የእንጀራችሁን ዋጋ ወዲያው ትጨምራላችሁ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ኧረ እትዬ፣ ወዲያውማ ከጨመርን ደንበኛው ይሸሻል!» አለኝ። «መጀመሪያ በዱቤ የሚወስዱትን እንቀንሳለን። እጅ በእጅ ለሚከፍሉት በዚያው ዋጋ ጥቂት ቀን እናቆያለን። ከዚያ አስቀድመን ነግረን ነው የምንጨምረው።»

የትኛው ምግብ ቤት በየትኛው ቀን ስንት እንደሚፈልግ፣ ማን በወሩ መጨረሻ እንደሚከፍልና ማን እንደሚያጓትት አንድ በአንድ ዘረዘረልኝ። በመጽሐፉ ውስጥ በምዕራፍ የተከፋፈለውን ነገር ይህ ልጅ በጭንቅላቱ ይዞታል። እናቱ ግን በፊቱ፣ «እሱስ እንዲህ ሆኖ አይቀርብኝም፤ ተምሮ ቢሮ ይገባልኛል» ትላለች። የምትለው ከፍቅር ነው፤ ጭሱና ምጣዱ ዓይኗን ስላቃጠላት ነው። ልጁ ግን የተረዳው በእጁ ያለው ዕውቀት የሚደበቅ ነውር መሆኑን ነው። ይህ ልጅ ነገ ፈተናውን ባያልፍ ባዶ እጄን ቀረሁ ብሎ ይተኛል። ባዶ እጁን ግን አይደለም።

እኅቶቼ፣ የተናቀ ሥራ ምን ሊሆን እንደሚችል ለማየት በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ያደገችውን ቤተልሔም ጥላሁንን እናስታውስ። በአካባቢዋ ፈትል የሚፈትሉ፣ ሸማ የሚሠሩ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ሥራ ግን አልነበራቸውም። ከጎማ የሚሠራው በረባሶም ሁላችንም የምናውቀውና የድሃ ጫማ ብለን ያለፍነው ነው። እርሷ በሂሳብ አያያዝ ትምህርት ተምራ ነበርና ሁለቱን አገናኘች። እ.ኤ.አ. በ2004 ሶልሬብልስ የተባለውን ድርጅት በጥቂት ሠራተኞችና ከቤተሰብ በተገኘ ገንዘብ ጀመረች፤ የጎማ ሶልና የእጅ ሽመና ጨርቅ ያለው ጫማ እያሠራች ለውጭ አገር ገበያ አቀረበች። ልጆቻችን ሁሉ እንደ እርሷ ይሆናሉ ማለቴ አይደለም። ሰፈሩ የናቀውን ሙያ በአክብሮትና በሂሳብ ዓይን ማየቷ ግን ለሁላችንም ትምህርት ነው።

ወደ ጋይንት ልመልሳችሁ። የላይ ጋይንትና የታች ጋይንት፣ የስማዳም አካባቢ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ናቸው። መሬቱ ለብዙ ወንድማማች ተከፋፍሎ ጠብቧል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ዘልቆ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። እንዲህ ባለ ስፍራ ትምህርቱ የተቋረጠበት ልጅ የሚወርሰው መሬት የለውም፤ የሚጠብቀው የመሥሪያ ቤት ወንበርም የለም። ልጃገረዶቹ ከዚያና ከሌላው ገጠር እየወጡ ወደ ከተማ ይመጣሉ። የት እንደሚገቡ እናንተም እኔም እናውቃለን። በየቤታችን ሊጥ የሚያቦኩት፣ ልጅ የሚያዝሉት፣ ማታ ደብተራቸውን ይዘው ወደ ማታ ትምህርት የሚሮጡት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ስለ ተማሪ ልጆቻችን ስንነጋገር እነሱንም መርሳት አይገባንም። ደመወዟን በስሟ ባንክ የምታስቀምጥ፣ ወጪዋን የምትመዘግብ፣ አንድ ሙያ የተማረች ልጅ ከቤታችን ስትወጣ እንደ ገባችበት አትወጣም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በበኩሌ ጥቂት ነገሮችን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ለልጁ ቁራጭ ትእዛዝ ሳይሆን ሙሉ ሥራ እንስጠው። «ሂድ ሽንኩርት ግዛ» ማለት መላላክ ነው። «ለሦስት ወር የቤቱን ሽንኩርት የምትገዛው አንተ ነህ፤ ገንዘቡ ይኸው፤ የተረፈው ላንተ ነው፤ የበሰበሰውም ባንተ ላይ ነው» ማለት ግን ሥራ ነው። መቼ እንደሚረክስ፣ በብዛት መግዛት መቼ እንደሚያዋጣ፣ እንዴት እንደሚቀመጥ ራሱ ይደርስበታል።

ሁለተኛ፣ ደብተር ይኑረው። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ዋጋው ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ለስሌቱ ያህል ብቻ ውሰዱት። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ቆሎ ቆልታ ልትሸጥ አሰበች እንበል። የገብስ 500 ብር፣ የኦቾሎኒ 150 ብር፣ የከሰል 60 ብር፣ የከረጢት 40 ብር አወጣች፤ በጠቅላላው 750 ብር። 50 ከረጢት ሞላች፤ አንዱን በ20 ብር ብትሸጠው 1,000 ብር ይሆናል። «250 ብር አተረፍኩ» ትላለች። ደብተሩ ግን ሌላ ይናገራል። ሦስቱን ለጓደኞቿ በነጻ ሰጥታለች፤ ሁለቱ እርጥበት ገብቷቸው ተበላሽተዋል። ስለዚህ የሸጠችው 45 ነው፤ ገቢዋ 900 ብር፣ ትርፏም 150 ብር ነው። በሥራው ላይ ስድስት ሰዓት ካጠፋች የአንድ ሰዓት ድካሟ 25 ብር ወጣ ማለት ነው። ይህን ስታውቅ ለመጠየቅ ትጀምራለች። ገብሱን ከየት ባመጣው ይቀንሳል? ከረጢቱ በደንብ ቢታሸግስ? እናቷ መልሱን አትንገራት፤ ደብተሩ ይንገራት።

ሦስተኛ፣ መነሻ ገንዘቡና ትርፉ ይለያዩ። ከላይ ባየነው ምሳሌ 750 ብሩ የሥራው ነው፤ አይነካም። 150ው ብቻ ነው የልጅቷ። ብዙ ጉሊትና ብዙ ሱቅ የሚዘጋው ደንበኛ ጠፍቶ ሳይሆን መነሻው በዓመት በዓል ተበልቶ ነው። ሁለት ሣጥን ወይም ሁለት የባንክ ደብተር ይህን ያስተምራል። እኛም ብንሆን ሲቸግረን ከልጃችን ሣጥን «ነገ እመልሳለሁ» ብለን የምናነሣ ከሆነ በወረቀት ላይ እንፈርምለት። ገንዘቡ የእርሱ መሆኑን ካላመነ ሥራውንም የራሱ አያደርገውም።

አራተኛ፣ ሥራው ትምህርቱን አይብላው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውንም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትን አይፈቅድም። ይህ ለአሠሪ የተጻፈ ሕግ ነው። እናት ግን ከአሠሪ የበለጠ ልትራራ ይገባታል። ለሚማር ልጅ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ይበቃል። ዓላማው ልጁ ቤቱን እንዲመግብ ሳይሆን እንዲለምድ ነው።

አምስተኛ፣ ወንድና ሴት ልጆቻችንን አንለያይ። በብዙ ቤት ሴቷ ሥራውን ትሠራለች፤ ወንዱ ገንዘቡን ይይዛል። የጋገረችው እሷ ከሆነች ሂሳቡንም እሷ ትያዝ፤ ዋጋውንም እሷ ትነጋገር። ወንዱም ምጣዱን ይልመድ።

ከቤት ውጪም ድርሻ አለን። በየትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት አለ። ስብሰባ ሲጠራ ስለ አጥርና ስለ መዋጮ ብቻ ተነጋግረን አንመለስ። «ስለ ሥራ ፈጠራ የምታስተምሩትን በተግባር አሳዩልን» ብለን እንጠይቅ። ግቢው ውስጥ አንድ የጎመን መደብ፣ አንድ የሻይና የዳቦ ጠረጴዛ፣ አንድ የደብተርና የእስክሪብቶ መደርደሪያ ቢኖርና ተማሪዎች በተራ ቢያስተዳድሩት፣ በየወሩም ሂሳቡን በሰልፍ ላይ ቢያነቡት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከእናቶች መካከልም በሙያዋ የታወቀች፣ ልብስ ሰፊም ትሁን እንጀራ ጋጋሪ፣ በመምህሩ ጎን ቆማ አንድ ክፍለ ጊዜ ብታስረዳ ልጇ በዚያ ቀን በጓሮ በኩል የሚወጣ አይመስለኝም።

ውድ አንባቢያን፣ የመጪው ዓመት ውጤት መገለጹ አይቀርም። ከልጆቻችን ጥቂቱ ያልፋል፤ ብዙው ሌላ መንገድ ይፈልጋል። በዚያን ዕለት የምንናገረው ቃል ከዛሬ ጀምሮ የሚዘጋጅ ነው። እስከዚያ ድረስ አንድ ሙሉ ሥራ ይዞ የሚያውቅ፣ ሂሳቡን በደብተር የጻፈ፣ አንድ ጊዜ ከስሮ የተነሣ ልጅ ቢኖረን ብርድ ልብስ ተከናንቦ ብዙ ቀን አይተኛም። ለዚህም መጀመሪያው ቀላል ነው። ዛሬ ማታ እራት ከተነሣ በኋላ ልጃችሁን ጠርታችሁ፣ «ከነገ ጀምሮ የዚህ ነገር ኃላፊ አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ» በሉ። ነገሩ ሽንኩርትም ሊሆን ይችላል፤ ቆሎም ሊሆን ይችላል። ከዚያም ሥራውን በጎረቤት ፊት በስሙ ጠርታችሁ አመስግኑት።